አልሰማሁም የተባለ መልስ

በደሉን አስቀድሜ ልናገር፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል። አሰብ ውስጥ፣ ሰባተኛ ክፍል ሳለን፣ አንዲት ልጅ የሒሳብ ጥያቄ ተጠየቀች። በጊዜው፣ በትክክል፣ ሁላችንም እየሰማናት መለሰች። መምህሩ «አልሰማሁም» አለ። በዚያች ቃል ልጅቷ ወደቀች፤ ከትምህርት ቤትም ቀረች። ነገሩ ይኸው ነው። ሰው አልሞተበትም፣ ቤት አልተቃጠለበትም፤ ስለዚህ ከቁም ነገር ቆጥሮ ያነሣው የለም። እኔ ግን ከአጠገቧ ተቀምጬ ነበር። አርጅቻለሁ፣ ደክሞኛል፣ ጉልበቴም ደረጃ አላስወጣ ብሎኛል። ይህን ግን ይዤው መቀበር አልፈልግም።

ሰሞኑን የቀሰቀሰብኝ የልጄ ልጅ ስልክ ነው። የምንኖረው ደሴ ነው። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ጋቢዬን ደርቤ፣ ያለችውን ፀሐይ እየሞቅሁ ምስር እለቅም ነበር። እሷ ከጎኔ ተቀምጣ የሒሳብ መለማመጃ ትጫወታለች። ስልኩ ጥያቄ ያወጣል፤ ከዚያ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል። ሦስተኛዋ ጢጥ ካለፈች መልሱን ብታውቀውም አይቀበላትም፤ ቀይ ምልክት ያደርግባታል። እጄ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ድምፁን አጥፊው» አልኳት።

«ኧረ እማማ! ድምፁ ከጠፋ እኮ አያስፈራም።»

«ለምን ያስፈራሻል? ሒሳብ አይደል?»

«ካላስፈራማ አያፈጥንም» ብላ ሳቀችብኝ።

እኔ አልሳቅሁም። ከጢጥታው ጋር የላብና የጠመኔ ሽታ መጣብኝ። በዚህ ብርድ አገር ተቀምጬ አንገቴን ላብ ያጠመቀኝ መሰለኝ።

አባቴ ከወሎ ወርዶ አሰብ ወደብ ላይ ክሬን ይነዳ ነበር። እኔ ያደግሁት እዚያ ነው፤ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ። ትምህርት የሚጀመረው ገና በጠዋቱ ነበር፤ ረፋዱ ላይ የጣሪያው ቆርቆሮ መንጫጫት ይጀምራል። ብረት ሲግል የሚያሰማው ድምፅ አለ፣ ልክ የሆነ ሰው በላያችን ጣቱን እያንቋቋ የሚሄድ የሚመስል። እርሳሱ ከጣታችን ያሟልጫል። በመስኮት በኩል ባሕሩ እንደ ቆርቆሮው ነጭ ሆኖ ያብለጨልጫል፤ ከወደብ የመርከብ ጡሩምባ ይመጣል፤ ከጎዳና ደግሞ ወደ ላይ አገር ለመውጣት የሚያሟሙቁት ከባድ መኪናዎች ድምፅ። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነበር። ሰው ሁሉ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ሆኖ ጭንቅላቱን ክንዱ ላይ በሚጥልበት ሰዓት መምህራችን ማስመሪያውን ያነሣና «የቃል ሒሳብ! ደብተር ዝጉ!» ይላል።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ጥያቄውን ይናገራል። ከዚያ በማስመሪያው ጠረጴዛውን እየመታ «አንድ… ሁለት… ሦስት» ይላል። ሦስት ካለ በኋላ የመጣ መልስ መልስ አይደለም። ጥያቄው ወደሚቀጥለው ልጅ ይሄዳል። የመለሰው ልጅ ተነሥቶ ያልመለሰውን ጆሮ ይስባል። ይህ በየትምህርት ቤቱ የነበረ ልማድ ነው፤ ያኔ ማንም አልተደነቀበትም። ጎበዝ ማለት የሌላውን ጆሮ ብዙ የሳበ ማለት ነበር። የእኔ ጆሮ የሁሉም መጎተቻ ነበር፤ ክፍልፋይ የሚባል ነገር ጨርሶ አይገባኝም ነበርና።

መምህሩን በፊቱ አንቱ እለው ነበር። እዚህ እሱ ስለው ንቄው አይደለም፤ ያኔ ገና ጢሙ በቅጡ ያልሞላ፣ ከደጋ ተመድቦ የመጣ ለጋ ሰው እንደነበረ አሁን ስለገባኝ ነው። በዚያ ሙቀት ክራቫት ያስር ነበር። እርጥብ መሐረብ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ሰሌዳውን ትቶ በመስኮት እያየ «በኛ አገር ይህን ጊዜ ውርጭ ነው» ይለን ነበር። ለእኛ ውርጭ ተረት ነበር የሚመስለን። ክፉ ሰው አልነበረም። ፐርሰንት ያልገባው ልጅ ካለ ደጋግሞ ያስረዳል፤ እርሳስ ለሌለው የራሱን ይሰጣል። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ጓደኛዬ የበይሉል ልጅ ነበረች፤ ከአሰብ በስተ ሰሜን ካለችው የአፋሮች የዓሣ አጥማጅ መንደር። ከአክስቷ ጋር ባሕሩ ዳር ትኖር ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ። ከዘመዶቿ ሴት ልጅ ሰባተኛ ክፍል ስትደርስ የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። አባቷ ከአክስቷ ጋር የተስማማበትን ነገር ስለ ነፋስ እንደምታወራ አድርጋ ነገረችኝ። «በየዓመቱ ካለፍኩ እማራለሁ። አንድ ዓመት ከወደቅሁ ግን እመለሳለሁ።» ስትመለስ የሚጠብቃት በልማዳቸው ከሕፃንነቷ የታጨላት የአጎቷ ልጅ ነው።

«ትወጂዋለሽ?» አልኳት።

«ፍየል መጠበቅ ይችላል» አለችኝ። ሁለታችንም መሬት ላይ እስክንወድቅ ሳቅን።

ልምምዳችንን የምናደርገው ባሕሩ ሲሸሽ በሚቀረው እርጥብ አሸዋ ላይ ነበር። ጠንካራ፣ ጨለም ያለ፣ ከማንኛውም ሰሌዳ የተሻለ። በእንጨት እንጽፋለን፤ ስንሳሳት በእግራችን እናጠፋለን። ትናንሽ ሸርጣኖች በድምራችን መካከል እየሮጡ ያልነበረ የመቀነስ ምልክት ትተውልን ይሄዳሉ። የበሰበሰ የባሕር አረም ይሸታል። ክፍልፋይን ያስተማረችኝ እዚያ ነው። ሰሌዳው ላይ ቁጥር ከቁጥር በላይ ተቀምጦ ስለማየው ያስጠላኝ ነበር። እሷ ግን ዓሣ አድርጋ አሳየችኝ።

የአባቷ ጀልባ ስትገባ ዓሣው እንዴት እንደሚከፈል ነገረችኝ። ለጀልባው ድርሻ አለው፣ ለመረቡ ድርሻ አለው፣ ቀሪው ለሰዎቹ ነው። ክምሮቹ ከተደረደሩ በኋላ አንዱ ሰው ጀርባውን ያዞራል። ሌላው ወደ አንዱ ክምር ጣቱን ቀስሮ «ይህ የማን ነው?» ይላል፤ ጀርባውን ያዞረው ሳያይ ስም ይጠራል። እኛ ቅርጫ ስንከፋፈል ዕጣ እንደምንጥለው መሆኑ ነው። ማንም በማንም አያኮርፍም። ይህን ስሰማ ልቤ ጥጋብ ተሰማው፤ በሕይወቴ ሁሉ ነገር እንዲህ እንዲከፈል ነበር የምፈልገው።

«ሩብና ሲሶ ስንት ነው?» አለችኝ።

«ሁለት ሰባተኛ» አልኩ፤ የላዩን ከላዩ የታቹን ከታቹ ደምሬ።

«ዋይ!» አለች እጇን አፏ ላይ አድርጋ። «የሲሶው ቁራጭ ትልቅ፣ የሩቡ ቁራጭ ትንሽ፤ ምኑን ከምኑ ትደምሪያለሽ? መጀመሪያ ሁሉንም እኩል ቁራጭ አድርጊው። አባቴ ሲሶውንም ሩቡንም እኩል ካልቆራረጠ ሰው ይጣላል።»

አሸዋው ላይ ዓሣ ሣለች፤ አሥራ ሁለት ቦታ ከፈለችው። ሩቡ ሦስት ቁራጭ፣ ሲሶው አራት ቁራጭ። ሰባት ከአሥራ ሁለት። የዚያን ቀን የገባኝ ነገር እስከ ዛሬ አልጠፋኝም። ትምህርቴ ስምንተኛ ላይ ቆሟል፤ ክፍልፋይ ግን ማንም አይቀድመኝም።

ታዲያ እንዲህ የምታውቅ ልጅ በቃል ሒሳብ ጊዜ ሁልጊዜ ጆሮዋ ይሳብ ነበር። መጽሐፉ እንግሊዝኛ፣ የመምህሩ የቃል ጥያቄ አማርኛ፣ የእሷ ልብ ደግሞ አፋርኛ። ለምን እንደምትዘገይ ስጠይቃት አሸዋውን እየጫረች ነገረችኝ።

«እናንተ ቁጥሩን ታገኙትና ትናገሩታላችሁ። እኔም አገኘዋለሁ። ግን ራቁቱን ነው የማገኘው፤ ልብስ እስካለብሰው ሦስት ይላል።» ከዚያ ወደ ባሕሩ ዞራ «ይደክማል» አለች።

ስለዚህ ልብስ ማልበሱን ተለማመድን። እኔ በዛጎል ድንጋይ እየመታሁ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እላለሁ፤ እሷ ከሦስት በፊት በአማርኛ ለመድረስ ትሮጣለች። ላብ በአገጯ ይንጠባጠባል። አንዳንድ ቀን ትቀድማለች፣ ያኔ እንጨቱን ወደ ላይ ወርውራ ትዘላለች። አንዳንድ ቀን ምላሷ ይታሰራል። እኔ ዛጎሉን ቀስ አድርጌ ብመታላት ታውቅብኛለች። «እሱ እንደዚህ አይቆጥርም፤ እንደሱ ምቺ!» ብላ ትቆጣኛለች።

አንድ እሑድ እንዲሁ ስንለማመድ መምህሩን ባሕሩ ዳር አየነው። ክራቫቱም የለ፣ ሱሪውም የለ፤ እንደማንኛውም የአሰብ ወንድ ሽርጥ አገልድሞ፣ በባዶ እግሩ ቆሞ ዓሣ ይገዛል። ሽማግሌው አጥማጅ ትንንሾቹን ዓሦች አንድ በአንድ ዘንቢሉ ውስጥ እየጣለ በአፋርኛ ይቆጥራል፤ መምህሩም አብሮት ይቆጥራል። አልተንተባተበም። መጨረሻ ላይ ሁለቱም በአንድ ድምፅ «ታባና!» አሉና መዳፍ ለመዳፍ ተማትተው ሳቁ። ታባና በአፋርኛ አስር ማለት ነው። ጓደኛዬ ክንዴን ጨብጣ «ያውቃል!» አለችኝ በሹክሹክታ። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። እሱ ሽርጡን እንዳናይበት አፍሮ ነው መሰለኝ በጀልባዎቹ ጀርባ ዞሮ ሄደ።

የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ደረሰ። የጽሑፉን ደህና ሠርታ ነበር፤ በቃል ፈተናው ግን ሁለት ጥያቄ በዝግታዋ አምልጧታል። አንድ ይቀራታል። መምህሩ ራሱ በረንዳው ላይ አስቁሞ «የነገይቱን ከመለስሽ ታልፊያለሽ። እንዳትፈሪ» ብሏታል። ይህንንም ልመስክርለት፤ እንድታልፍ ይፈልግ ነበር።

በማግስቱ ወደ ክፍል ስንገባ ከኋላ ወንበር ላይ አንድ ኢንስፔክተር ተቀምጧል። ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ በነጭ መሐረብ ግንባሩን እየጠረገ የሚያፈጥጥ ወፍራም ሰው። መምህሩ ክራቫቱን አጥብቆ አስሮታል። ጥያቄው ከፊት ወንበር ጀመረ። ከፊታችን የመካኒኩ ልጅ ነበር፤ አባቱ የጣሊያን ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ፣ እሱም እጁ ከቅባት የማይጠራ።

«መቶ ኩንታል ስንዴ ከመርከብ ወረደ። አንድ አምስተኛው ስንት ነው? አንድ…»

«ቬንቲ!» አለ የመካኒኩ ልጅ፤ ጋራዡ ውስጥ ብሎን ሲቆጥር የለመደው አፉ አምልጦት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኢንስፔክተሩም ሆዱ እስኪነቃነቅ ሳቀ። መምህሩ የኢንስፔክተሩን ሳቅ አይቶ አብሮ ሳቀና «ሃያ። ጎበዝ፣ ሲኞር፣ ተቀመጥ» አለው። ልብ በሉልኝ፤ ተቀበለው።

ቀጥሎ እሷ ነበረች። ተነሣች።

«ሰማንያ ኩንታል ጨው ከአሰብ ተጫነ። ሩቡ ኮምቦልቻ ወረደ። ከወረደው ግማሹ እርጥበት ስላበላሸው ተመለሰ። የተመለሰው ስንት ነው?» ማስመሪያው ጠረጴዛውን መታ። «አንድ…»

«ታባና!» አለች።

ጮክ ብላ ነው ያለችው። ልብስ ለማልበስ ጊዜ ሳይኖራት፣ የሮጠችበትን ያህል ሮጣ፣ ራቁቱን ቁጥር ከአፏ አወጣችው። ሌላ ሳቅ ተነሣ፤ በመካኒኩ ልጅ ጊዜ የተነሣውን ሳቅ የመሰለ አልነበረም። መምህሩ ቀና ብሎ ወደ ኋላ፣ ወደ ኢንስፔክተሩ አየ። ኢንስፔክተሩ አልሳቀም። መሐረቡን ግንባሩ ላይ እንዳደረገ ይጠብቃል።

«ሁለት…» አለ መምህሩ። ድምፁ ቀጠነ። እሷ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ድምፅ ግን የለም። አንዴ ያወጣችውን ነገር እንደገና ከየት ታምጣው? «ሦስት።»

ቆርቆሮው ተንጫጫ።

«አልሰማሁም» አለ።

ተነሣሁ። «ቲቸር፣ መልሳለች!»

«ማን ጠየቀሽ? ደግሞስ ተራው ያንቺ ነው። የተመለሰው ስንት ነው?»

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። አንዲት ቃል ብናገር ማርኩ የእኔ ነው፤ ከዚያ ዞሬ የእሷን ጆሮ መሳብ ነው። ዓሣውን አሥራ ሁለት ቦታ ከፍላ ያስተማረችኝን ልጅ!

«እሷ ያለችው ነው መልሱ» አልኩ።

ከኋላ የኢንስፔክተሩ ድምፅ መጣ። «ምን አለች እሷ?»

«ቲቸር ያውቁታል» አልኩ።

መምህሩ መሐረቡን ከአንገቱ አነሣ፤ አጠፈው፤ መልሶ ዘረጋው። ፊቴን አላየም፤ የእሷንም አላየም። ሰሌዳውን እያየ ደገመው። «አልሰማሁም ብያለሁ። ሁለታችሁም ዜሮ። ቀጣይ!»

ከጀርባችን ያለው ልጅ «አስር» አለ። ዓመቱን ሙሉ ከሁላችንም በላይ ሰነፍ የነበረ ልጅ ነው። እሷ ያለችውን ነው የተረጎመው። መጥቶ ጆሯችንን ሳበ። የእኔን እስኪነቀል ጎተተው፤ የእሷን ግን በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ ተወው። እሱም ያውቅ ነበር። ሁሉም ያውቁ ነበር፤ አሰብ ውስጥ ወተትና ሰሌን የሚገዛ ሰው ሁሉ እስከ አስር በአፋርኛ መቁጠር ይችላል።

እኔ በሌላው ማርኬ አለፍኩ። እሷ ወደቀች።

አባቴን ከሥራ እንደመጣ፣ ቱታውን ሳያወልቅ፣ እጁን ይዤ ዳይሬክተሩ ቤት ወሰድኩት። ዳይሬክተሩ ጨዋ ሰው ነበር፤ ወንበር ሰጠን፣ ውሃ ሰጠን። «አንድ መምህር አልሰማሁም ካለ፣ በጆሮው ውስጥ ገብቼ ሰምተሃል ልበለው? ምን ላድርግ ጋሼ?» አለ ለአባቴ። ስንመለስ አባቴ ከወደቡ አጠገብ ያሉት የጨው ክምሮች ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ልጄ» አለኝ፣ «እኔ ክሬኑ ላይ ስሆን ከታች ያለው ሰው እጁን ካነሣ አየሁት ማለት ግዴታዬ ነው። አላየሁም ብል ሰው ይደፈጠጣል። የአስተማሪም ሥራ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።» ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንሥቶ አያውቅም።

እሷ አላለቀሰችም። ይህ ነው የሚያቃጥለኝ። ወደ ባሕሩ ዳር ሄጄ «እንሂድ፣ እንክሰስ፣ ለኢንስፔክተሩ ራሱ እንናገር» እያልኩ ስጮህባት አሸዋው ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋ ነበር።

«ተይው» አለችኝ። «ዓመቱን ሙሉ ሁለት ጊዜ አስቤ ደክሞኛል። አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ላስብ።»

በዚያው ሳምንት የአባቷ ጀልባ መጥታ ወሰደቻት። እኔ ልሸኛት ስደርስ ሸራው ርቆ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይተወው ነበር። እኔ ግን እንዲህ ሆኜ ነው የተፈጠርኩት፤ ልጆቼ «እማዬ የሞተ ክርክር ታነሣለች» ይሉኛል። መምህሩን በሚቀጥለው ዓመት ጠብቄ ልጠይቀው ነበር፤ ክረምቱን ወደ ደጋ ተዛውሮ ሄደ። በእሱ ቦታ ሌላ ሰው መጣ፤ ጆሮ መሳቡም በማስመሪያ መቁጠሩም ቀጠለ። እኔ ስምንተኛን ጨርሼ ተዳርኩ። የንጉሡ መንግሥት በወደቀበት ዓመት የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ ገበያ እሄድ ነበር።

እዚያ ገበያ ላይ አንድ ቀን አየኋት። ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ሕፃን ጀርባዋ ላይ ተኝቶ፣ የሰሌን ክምር ፊቷ ላይ ተዘርግቷል። ስታየኝ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ያው ሳቅ ነው። ተቃቀፍን። ልጆቻችንን ተያየን፣ ማን ይከብዳል ብለን ሚዛን እንዳለው ሰው አነሣናቸው። ያ የአጎቷ ልጅ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኋት። «ፍየል መጠበቅ ይችላል» አለችኝ፤ እንደ ድሮው ሳቅን፤ አልወደቅንም እንጂ።

በመካከሉ አንድ የመኪና ረዳት መጥቶ «ስንት ሰሌን አለሽ፣ እህት?» አላት።

«አስር» አለች።

እንዲያ በቀላሉ፣ ወዲያው፣ ልጇን እያስተካከለች፣ ቀና ሳትል። በአማርኛ። ምንም አልዘገየባትም። እሷ ምን እንዳለች እንኳ ልብ አላለችውም፤ ሰሌኖቹን ለረዳቱ ማንሣት ጀመረች። እኔ ልጄ ያለቀሰ አስመስዬ ፊቴን አዞርኩ። ከዚያ ወዲህ አልተገናኘንም።

ከአሰብ የወጣነው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ሁሉም ነገር ሲደፈርስ ነው። ደሴ ውስጥ ከአሰብ የመጣን ሰዎች እድር አለን። በሙቀቱ ያልተቃጠለ ሰው የማይገባው ወሬ አለን፤ እሱን እያወራን እንቀብራለን። ባለፈው ጾም የመካኒኩ ልጅ ሞተ። ከዚያ ክፍል ደሴ ውስጥ የማውቀው እሱ ብቻ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ስለ እሱ ሳይሆን ስለ ምስክሮቼ ማለቅ ሳስብ፣ አንድ ሽማግሌ በልጁ ተደግፎ ገባ። ዓይኑ ደክሟል፤ በከዘራ መሬቱን እየፈተሸ ነው የሚራመደው። አንገቱን አየሁት። ምን እንደሆነ አላውቅም፣ አንገቱን አየሁና አወቅሁት። ልጁ አምጥቶ ከጎኔ አስቀመጠው።

«ቲቸር፣ አሰብ አስተምረውኛል» አልኩት።

«አሰብ!» ፊቱ በራ። ጆሮው ደህና ነበር። «የት ነበር የምትቀመጪው?»

«መስኮቱ ጋ። ከበይሉሏ ልጅ ጎን።»

ከዘራው ላይ ይንቀሳቀስ የነበረው ጣቱ ቆመ። ንፍሮ ሲዞር ዘግኖ ያዘና አልበላውም።

«ያ ሙቀት» አለ። «ያ ሙቀት ሰው ያሳብድ ነበር።»

«ሙቀቱን አልጠየቅሁዎትም።»

«ኢንስፔክተሩ…» ብሎ ጀመረና ተወው።

«እሱንም አውቃለሁ። ወጣት ነበሩ፣ እንጀራዎ ነበር፣ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እኔ እርስዎን መውቀስ ደክሞኛል፤ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሰምተዋት ነበር ወይስ አልሰሟትም?»

ድንኳኑ ውስጥ ሰው በዝቅተኛ ድምፅ ይንሾካሾካል። አስተዛዛኞች ገብተው «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ወጡ፤ ሌሎች ገቡ። መልስ አይሰጠኝም ብዬ ጉልበቴን ይዤ ልነሣ ነበር።

«አሁን የት ናት?» አለኝ።

«አላውቅም። ድንበሩ ከተዘጋ ወዲህ ወሬዋንም አልሰማሁ።»

ራሱን ነቀነቀ። ንፍሮውን ቀስ ብሎ ወደ ሳህኑ መለሰ፤ መዳፉን በጉልበቱ ላይ ጠረገ። ከዚያ እንደ ድሮው ሰሌዳ እንደሚያይ ሰው ፊት ለፊቱን እያየ ነገረኝ።

«ሰምቻታለሁ» አለ። «ገና ሁለት ሳልል ነው የመለሰችው።»